ቁልፉን ከመቀየሩ በፊት ማጠፊያውን የሚያይ ማን ነው? የአዳማ የአልሙኒየምና የፒቪሲ በርና መስኮት ጥገና ሲገመገም

አዳማ ውስጥ የአልሙኒየም በር «ቁልፉ ተበላሸ» ተብሎ ባለሙያ ሲጠራ፣ ከቁልፉ ይልቅ ማጠፊያው ታሞ መገኘቱ የተለመደ ነው። በሩ በገዛ ክብደቱ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል፤ የቁልፉ ምላስ መቃኑ ላይ ካለው ቀዳዳ ጋር መገናኘት ያቅተዋል፤ የቤቱ ሰው እጀታውን በጉልበት ይጫናል፤ ቀጥሎ የሚሰበረው ያኔ በእርግጥም ቁልፉ ነው። መነሻውን የሚያውቅ ባለሙያ በአንድ መፍቻ ይገላገለዋል። የማያውቀው አዲስ ቁልፍ አስገዝቶ ይገጥማል፤ ያም ቁልፍ ብዙ ሳይቆይ የቀድሞው ዕጣ ይደርሰዋል። የከተማውን የጥገና አገልግሎት የምንመዝነው በዚህ ነው።

ሥራውን የሚሠሩት ሦስት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንደኛዎቹ በርና መስኮት የሚያመርቱት አልሙኒየም ቤቶች ናቸው። መቁረጫ፣ ትራፓኖና የፕሮፋይል (የበርና የመስኮት ፍሬም የሚሠራበት) ቁርጥራጭ አላቸው፤ እጃቸውም ጥሩ ነው። ነገር ግን የሚኖሩት በአዲስ ሥራ ስለሆነ ለአንዲት የወረደች መስኮት ብለው መንገድ መውጣት አይወዱም፤ ሲመጡም «ሙሉውን ብንቀይረው ይሻላል» ማለት ይቀናቸዋል። ሁለተኛዎቹ ቁልፍ ቀራጮች ናቸው። ሲሊንደር (ቁልፉ ገብቶ የሚዞርበትን ክፍል) መቀየርና ውስጥ ተሰብሮ የቀረ ቁልፍ ማውጣት ለእነሱ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ስለ ማጠፊያና ከሲሊንደሩ ጀርባ ስላለው ሳጥን ግን ከእነሱ ብዙ መጠበቅ አይገባም። ሦስተኛዎቹ ቧንቧም፣ መብራትም፣ በርም የሚነኩ ሁለገብ ሠራተኞች ናቸው። መካከላቸው ጎበዝ አይጠፋም። ሆኖም ከካቻቢቴው አስቀድሞ የሲሊኮን መድፊያውን የሚያወጣ ከመጣ በትሕትና መሸኘት ይሻላል።

ማን እንደመጣ የሚታወቀው በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው በሩን ይከፍትና እንደተከፈተ ቁልፉን ያዞረዋል። በሩ ክፍት ሆኖ ምላሱ ያለ ችግር ወጥቶ ከገባ፣ ሲዘጋ ብቻ የሚይዝ ከሆነ፣ ቁልፉ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ የበሩና የመቃኑ አለመገጣጠም ነው። ክፍትም ሆነ ዝግ የሚያስቸግር ከሆነ ጉዳቱ ቁልፉ ውስጥ ነው። እጀታው እየሠራ ቁልፉ ብቻ አልዞርም ካለ ሲሊንደሩ ነው። ይህን ሳያደርግ ዋጋ የሚጠራ ባለሙያ እየገመተ ነው።

ቀጥሎ በበሩና በመቃኑ መካከል ያለውን ክፍተት ዙሪያውን ያያል። በማጠፊያው በኩል ከላይ ሰፍቶ፣ በቁልፉ በኩል ከላይ ጠቦ ከተገኘ በሩ ወርዷል። የቁልፉ ምላስ የት እንደሚመታ ለማወቅ ጫፉን ጠመኔ ቀብቶ በሩን መዝጋት በቂ ነው፤ መቃኑ ላይ የሚቀረው ነጭ ምልክት ስንት ሚሊ እንደጎደለ ይናገራል። ምልክቱን አይቶ ወዲያው የመቃኑን ቀዳዳ በሞረድ ማስፋት የሰነፍ መፍትሔ ነው። በሩ መውረዱን ስለማያቆም ቀዳዳው በየጊዜው ወደ ታች ሲሰፋ ይኖራል።

አዳማ ደግሞ በርና መስኮትን የምትፈትንበት የራሷ ጠባይ አላት። ነፋሷን ለማስረዳት ብዙ ማውራት አያስፈልግም፤ ከከተማዋ አጠገብ 51 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው አዳማ አንድና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው አዳማ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ያ ነፋስ መያዣው የላላ መስኮት ሲያገኝ ከግድግዳ ጋር ያላትመዋል፤ በአንድ ቀን የሚታጠፈውን ክንድ የቤቱ ሰው በአሥር ዓመት አያጥፈውም። አቧራው የተንሸራታች መስኮት ሐዲድ ውስጥ ይተኛል።

ከሁሉም የሚረሳው ሙቀቱ ነው። አንድ ሜትር አልሙኒየም ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 0.023 ሚሊ ይረዝማል፤ ፕላስቲኩ ፒቪሲ ከዚያ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ጠዋት ጥላ ውስጥ የነበረ የ2.1 ሜትር የአልሙኒየም በር ከሰዓት ፀሐይ አርፎበት በ25 ዲግሪ ቢሞቅ 1.2 ሚሊ ያህል ይረዝማል ማለት ነው፤ የፒቪሲው ውስጡ ያለው ብረት ካልያዘው 3 ሚሊ ሊያልፍ ይችላል። ጥቁርና ጥቁር ቡናማ ቀለም ያለው ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ጠዋት የሚቆለፍ፣ ከሰዓት እምቢ የሚል በር አዲስ ቁልፍ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው የመቃኑ ተቀባይ (የቁልፉ ምላስ የሚገባበት) ትንሽ ትርፍ ክፍተት ይዞ እንደገና መስተካከሉ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አስተካክሎ ሒሳብ የሚቀበል ባለሙያ ሥራውን ገና ግማሽ ነው የሠራው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ ተቆልፎ ሳይታይ ባይከፈለው ቅሬታ ሊኖረው አይገባም።

ማጠፊያ

የአልሙኒየም በር ማጠፊያ አብዛኛውን ጊዜ በፕሮፋይሉ ቦይ ውስጥ ገብቶ በብሎን ተጠፍሮ የሚያዝ ነው። ብሎኑ ሲላላ ማጠፊያው በቦዩ ውስጥ ወደ ታች ይንሸራተታል። ጥገናው እንዲህ ነው፦ በሩ ይከፈታል፣ በቁልፉ በኩል ባለው የታች ጥግ ሥር የእንጨት ሽብልቅ ይገባና ዙሪያው ያለው ክፍተት እኩል እስኪሆን ድረስ በሩ በጥቂቱ ይነሣል፤ ከዚያ ማጠፊያዎቹ አንድ በአንድ ላልተው እንደገና ይጠበቃሉ። ሁሉንም በአንዴ ማላላት በሩን መጣል ነው። ለዚህ ሥራ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ብቻውን የሚመጣ ባለሙያ የቤቱን ሰው «እስቲ ያዝልኝ» ማለቱ አይቀርም፤ መስታወት ያለበት በር ስለሆነ ይህን ግብዣ መቀበል አይመከርም።

የፒቪሲ በር ማጠፊያ ከዚህ ይለያል። የፕላስቲክ ሽፋኑ ሲነሣ፣ እንደ ሥሪቱ በ4 ወይም በ5 ሚሊ ባለ ስድስት ማዕዘን መፍቻ የሚዞሩ ማስተካከያዎች ይገኛሉ፤ አንዱ በሩን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ግራና ቀኝ ያንቀሳቅሳል። በአንድ ጊዜ ከግማሽ ዙር በላይ አለማዞር፣ የአንዱን ማጠፊያ ከፍታ ለውጦ ሌላውን አለመርሳት፤ ጥበቡ ይኸው ነው። ሁሉም ክብደት አንዱ ላይ ካረፈ ያ ማጠፊያ ቀድሞ ያልቃል። ማጠፊያው ሥር ግራጫ ወይም ጥቁር ዱቄት ከታየ ዘንጉ የሚዞርበት ናይለን አልቆ ብረት ብረትን እየበላ ነው። ያኔ ማስተካከል ዋጋ የለውም፣ መቀየር ነው።

ብዙ ባለሙያ የሚዘለው የመስታወቱ አቀማመጥ ነው። ተከፋች በር ውስጥ ያለ መስታወት ተቀምጦ የሚታይ ጌጥ ሳይሆን በሩን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ሰያፍ ድጋፍ ነው። የመስታወት መደገፊያ ፕላስቲኮች ከታች በማጠፊያው በኩል ባለው ጥግና ከላይ በቁልፉ በኩል ባለው ጥግ በትክክል ሲገቡ፣ የመስታወቱ ክብደት ወደ ታችኛው ማጠፊያ ይወርዳል፤ የቁልፉ ጎንም ተነሥቶ ይቆያል። ፕላስቲኮቹ ከሌሉ ወይም በካርቶንና በእንጨት ስንጣሪ ከተተኩ (ካርቶኑ ክረምቱን አይሻገርም) ማጠፊያውን የቱንም ያህል ቢያጠብቁት በሩ ተመልሶ ይወርዳል። ለማስተካከል የመስታወት ማቀፊያው ከረጅሙ ጎን መሃል ጀምሮ በሰፊ የፕላስቲክ ወይም የእንጨት ስፓቱላ ይነሣል፤ በካቻቢቴ ጫፍ ከተነሣ ጥጉ ይሰነጠቃል። ከዚያ 2፣ 3 ወይም 5 ሚሊ ውፍረት ያላቸው ፕላስቲኮች እየተደመሩ ክፍተቱ ይሞላል። የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ብር ነው። ዋጋው ያለው እውቀቱ ላይ ነው፤ ባለሙያው ለዚህ ጥሩ የእጅ ዋጋ ቢጠይቅ ይገባዋል።

ባለ አንድ መስታወት የነበረውን በር ባለ ሁለት ማድረግ የተለመደ ሆኗል፤ ማጠፊያውን የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። መስታወት በአንድ ካሬ ሜትር ለእያንዳንዱ ሚሊ ውፍረት 2.5 ኪሎ ይመዝናል። 1.6 ካሬ ሜትር የሆነ የ4 ሚሊ መስታወት 16 ኪሎ ነው፤ ሁለት ሲሆን 32 ኪሎ። ሁለት ባለ 6 ሚሊ ከሆነ 48 ኪሎ ይደርሳል፤ ይህ ሁሉ የፕሮፋይሉን ክብደት ሳይጨምር ነው። በሁለት ማጠፊያ የቆመ በር ይህን ሲሸከም ሦስተኛ ማጠፊያ ያስፈልገዋል። ቦታውም ብዙዎች እንደሚገጥሙት መሃል ላይ ሳይሆን ከላይኛው ማጠፊያ ሥር 20 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ነው፤ ከመቃኑ ተነቅሎ ሊወጣ የሚታገለው የላይኛው ማጠፊያ ነውና።

የማጠፊያው ብሎን ቀዳዳ ሲሰፋ የሚደረገው ነገር ባለሙያውን ያጋልጠዋል። የአልሙኒየም ፕሮፋይል ግድግዳ ቀጭን ነው፣ አንድ ሚሊ ተኩል እንኳ የማይሞላው ብዙ ነው፤ ጥርሱ አንዴ ከሟሸሸ ወፍራም ብሎን መተካት ለጊዜው ነው፤ ክብሪት እንጨትና ሲሊኮን ደግሞ ጨዋታ ነው። ትክክለኛው መፍትሔ ጥርስ ያለው የሪቬት ነት (ቀጭን ፕሮፋይል ላይ ተጨምቆ የሚያዝ ዳዶ) አስገብቶ ብሎኑን በእሱ ላይ ማሰር፣ ወይም ማጠፊያውን ወዳልተነካ ቦታ ማዛወር ነው። ፒቪሲ ላይ ብሎኑ ፕላስቲኩን አልፎ ውስጥ ያለውን ብረት መያዝ አለበት፤ ፕላስቲኩን ብቻ የያዘ ብሎን የመጀመሪያውን የነፋስ ቀን አይችልም።

ወደ ውጭ ተገፍተው የሚከፈቱ መስኮቶች ከላይና ከታች (ወይም በሁለቱ ጎን) በተንሸራታች ክንድ የተያዙ ናቸው። መስኮቱ ተከፍቶ አልቆም ካለ ክንዱ ላይ ያለችው ትንሽ ብሎን ሩብ ዙር ስትጠብቅ ይስተካከላል፤ ከታጠፈ ግን በመዶሻ ማቃናት ከንቱ ነው። ሲቀየር ሁለቱም አብረው ይቀየራሉ። የሚለካው ርዝመቱ ብቻ አይደለም፣ ተጣጥፎ ሲዘጋ ያለው ውፍረትም ነው፤ 13 እና 17 ሚሊ የሚባሉ አሉ፤ 13 በነበረበት 17 ከገባ መስኮቱ ጎማው ላይ ሳይደርስ ይቆማል፣ ዝናብም ይገባል። ሱቅ ውስጥ «ኢኖክስ (የማይዝግ ብረት) ነው» ሲባሉ ትንሽ ማግኔት ያስጠጉ። በደንብ የሚጣበቀው ርካሹ ዓይነት ነው፤ 304 የሚባለው የተሻለው ማግኔት እምብዛም አይስበውም።

እጀታ

እጀታ ቀላሉ ክፍል ነው፤ የሚያደክመው ልኬት ሳይዙ ገበያ መውጣት ነው። በአውሮፓ ልክ የተሠራ የመስኮት እጀታ ዘንጉ (ከእጀታው ጀርባ ወደ ውስጥ የሚገባው ብረት) 7 ሚሊ አራት ማዕዘን ሲሆን የሁለቱ ብሎኖች ርቀት መሃል ለመሃል 43 ሚሊ ነው። ብሎኖቹ ያሉት ሽፋኑ ሥር ነው፤ ሽፋኑ ትንሽ ተስቦ 90 ዲግሪ ሲዞር ይታያሉ፤ ብዙ «የተነቃነቀ» እጀታ የሚድነውም እነሱን በማጥበቅ ብቻ ነው። የዘንጉ ርዝመት መለካት አለበት። ካጠረ ጫፉ ብቻ ስለሚይዝ ቀዳዳውን ያሞልጨዋል፤ ከረዘመ እጀታው ፕሮፋይሉ ላይ አይቀመጥም፤ ይኸኛው በሲጌቶ ይቆረጣል።

የበር እጀታ ዘንግ 8 ሚሊ ነው። ከዘንጉ መሃል እስከ ሲሊንደሩ መሃል ያለው ርቀት በፒቪሲ በሮች ብዙ ጊዜ 92፣ በአልሙኒየም 85 ሚሊ ነው፤ ግን ሳይለኩ አይግዙ። እጀታው ወደ ታች ተንጠልጥሎ የሚቀር ከሆነ ሞላው ደክሟል። የማን ሞላ? እጀታውን ፈትተው በእጅ ያዙሩት፤ በራሱ ከተመለሰ የደከመው የቁልፉ ሞላ ነው። እጀታው ሞላ ከሌለው፣ ቁልፉን ከመቀየር በፊት ሞላ ያለው እጀታ ገዝቶ መሞከር በርካሽ ያስገላግላል። ክብደቱ አያታልልዎ፤ ከዚንክ ቅይጥ የተቀዳው ከአልሙኒየሙ ይከብዳል፣ አንገቱ ላይ የሚሰበረው ግን እሱ ነው።

ቁልፍ

ሲሊንደር ለመቀየር በሩ ክፍት መሆን አለበት። በበሩ ጠርዝ ላይ ከሲሊንደሩ ትይዩ ያለችው ረጅም ኤም 5 ብሎን ትወጣለች፤ ቁልፉ ገብቶ በጥቂቱ ሲዞር የሲሊንደሩ ጥርስ ከአካሉ ጋር ይስተካከልና ሲሊንደሩ ተስቦ ይወጣል። ልኬቱ ከብሎኗ ቀዳዳ መሃል ወደ ሁለቱም ጫፍ ለየብቻ ይወሰዳል፦ 30 በ30፣ 30 በ40፣ 35 በ35 እየተባለ። ጠቅላላውን ርዝመት ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው 35 በ35 በሚያስፈልገው በር 30 በ40 ይዞ ይመለሳል። አዲሱ ሲሊንደር ከእጀታው ሳህን ከ3 ሚሊ በላይ ወደ ውጭ መውጣት የለበትም፤ ከወጣ ሌባ በመያዣ ይዞ ከመሃሉ ይሰብረዋል። ይህን ጉዳይ ቁልፍ ቀራጮች እንኳ ብዙ ጊዜ ችላ ይሉታል፤ ሱቅ ያለውን ረጅሙን መግጠም ይቀላቸዋል። ብሎኗ ከመጠን በላይ ከጠበቀችም ሲሊንደሩ ይጣመምና አዲሱ ቁልፍ በጭንቅ ይዞራል፤ መፍትሔው ግማሽ ዙር ማላላት ነው።

ዘይትን በተመለከተ ከተማው ውስጥ ያለው ልማድ መጥፎ ነው። ሲሊንደር ውስጥ የሞተር ዘይት ማፍሰስ ለሳምንት ያህል ያስደስታል፤ ከዚያ አቧራው ከዘይቱ ጋር ጭቃ ይሆናል። ለሲሊንደር የሚስማማው የግራፋይት ዱቄት ወይም ደረቅ የሚቀር ማለስለሻ ነው። ግራፋይት ከታጣ የእርሳስ ጫፍ ቁልፉ ጥርስ ላይ መፈተግ ይሠራል።

እጀታውን ወደ ላይ አንሥተው የሚቆልፉት፣ በቁመቱ ሦስትና ከዚያ በላይ ቦታ የሚይዘው የፒቪሲ በር ቁልፍ ሌላ ዓለም ነው። መሃሉ ላይ ያለው ጊርቦክስ (የእጀታውን እንቅስቃሴ ወደ ረጃጅሞቹ ዘንጎች የሚያስተላልፈው ሳጥን) ነው ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው፤ ዘንጎቹና መንጠቆዎቹ ደህና ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህ «ሙሉው ዘንግ ይቀየር» ሲባሉ ጊርቦክሱ ለብቻው ይገኝ እንደሆነ ይጠይቁ። ለመግዛት አራት ነገር ያስፈልጋል፦ ጠርዙ ላይ ባለው ላሜራ የተቀረጸው ስምና ቁጥር፣ የላሜራው ስፋት (16፣ 20 ወይም 24 ሚሊ)፣ ከላሜራው ፊት እስከ እጀታው ዘንግ መሃል ያለው ጥልቀት፣ እና ከእጀታው ዘንግ እስከ ሲሊንደሩ ያለው ርቀት። አዳማ ውስጥ ከታጣ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው በስልክ የሚላከው ፎቶ የዚህ ላሜራ እንጂ የበሩ ፎቶ አይደለም። ጊርቦክሱ ተሰብሮ በሩ እንደተዘጋ ከቀረ፣ በጥግ በኩል በብረት መፈልቀቅ መቃኑንም መስታወቱንም ያሳጣል፤ እዚህ ላይ ርካሽ ባለሙያ ውድ ነው።

ተንሸራታች መስኮት ላይ ብዙ አናቆይዎትም። የማይቆለፈው የጨረቃ ቅርጽ ያለው መያዣ ተበላሽቶ ሳይሆን መስኮቱ ወርዶ ነው። ታች ጠርዙ ላይ ባለችው ብሎን የኩሽኔታው ከፍታ ይነሣል፤ ኩሽኔታው ራሱ ጠፍጥፎ ከሆነ ጥንዱ ይቀየራል። ሐዲዱ በብሩሽ ይጸዳል፣ በግሪስ አይቀባም።

መስታወቱ መሃል ጉም ከታየ

በሁለቱ መስታወቶች መካከል የሚታይ ጉም የጎማ ወይም የቁልፍ ችግር አይደለም፤ የመስታወቱ ዳር ማሸጊያ አልቋል፣ መሃሉ ያለው እርጥበት የሚመጥ ቅንጣትም ጠግቧል። «በስቼ አደርቀዋለሁ» የሚል ቢመጣ መስማት አያስፈልግም፤ መስታወቱ ብቻ ይቀየራል፣ መቃኑ ይቆያል። የሚታዘዘው በጠቅላላ ውፍረቱ ነው፤ 4-12-4 (መስታወት፣ ክፍተት፣ መስታወት) ሲባል 20 ሚሊ፣ 6-12-6 ሲባል 24 ሚሊ ነው። የማሸጊያው ቀድሞ ማለቅ ግን ብዙ ጊዜ ከሌላ ጥገና ይመነጫል። ፕሮፋይሉ ታች ላይ ውኃ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ «ነፋስ ገባ» ሲባል ሲሊኮን ይደፈንባቸዋል። ክረምት ሲመጣ ውኃው መውጫ አጥቶ የመስታወቱን ዳር እያራሰ ይቀመጣል። ነፋስ የሚገባው በደረቀ ጎማ በኩል ነው፤ ጎማው ይቀየር። ሲቀየርም ከቀድሞው የወፈረ ከገባ መስኮቱ ስለሚገፋ እጀታው ይከብዳል፤ አንድ ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ለናሙና ይዞ መሄድ ይበቃል።

ሒሳብ ከመነሣቱ በፊት የእጅና የዕቃ ዋጋ ለየብቻ ይነገር። «ቁልፍ ቀይሬ ሁሉንም በዚህ ያህል» የሚል ዋጋ ማጠፊያው እንዳይታይ የሚያደርግ ዋጋ ነው። ዋስትና ሲጠየቅ ቁልፉ ላይ ብቻ ሳይሆን በሩ ተመልሶ እንዳይወርድ ይሁን፤ ክፍተቱን ከላይ በማጠፊያውና በቁልፉ በኩል ለክቶ መቃኑ ላይ በእርሳስ መጻፍ ከወር በኋላ ለመከራከር ያገለግላል። የወጣውን አሮጌ ጊርቦክስ፣ ሲሊንደርና ማጠፊያ ባለሙያው ይዞ እንዳይሄድ፤ የሚቀጥለው ልኬት እሱ ላይ ነው፣ የሰው ቤት በር ላይም «አዲስ» ተብሎ ሲገጠም ታይቷል።